ጫጩት ላባውን ከማን ይወርሳል

በሬ ለመግዛት ያልቻለ ሰው በግ ይገዛል፤ በግ ለመግዛት ያልቻለም ዶሮ ይገዛል። ዶሮ የድኻ ሰው የመጀመሪያ ሀብት ናት። ዕንቍላልዋ ተሸጦ ጨውና ሳሙና፥ ደብተርና እርሳስ ይሆናል፤ ሥጋዋም በፋሲካና በገና የቤቱን ማዕድ ያከብራል። በሐዋሳ ከተማ፥ በታቦር ተራራ ሥር በሚገኙት ሰፈሮች፥ ግቢያቸው ጠባብ ሆኖ ሳለ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ሌሊት በቆጥ ላይ ታድራለች፤ ቀን በአጥር ሥር እየጫረች ትውላለች፤ ጭልፊት ከላይ ሲያንዣብብ የታየ እንደ ሆነ ልጆች እየጮኹ ያባርሩታል።

ዕንቍላል ከታቀፈ 21 ቀን ሲሆነው ጫጩቱ ቅርፊቱን ሰብሮ ይወጣል። በዚያን ቀን ባለቤቲቱ ሁለት ነገር ትጠይቃለች። አንደኛው፥ ቀለማቸው ምንድር ነው? ሁለተኛው፥ ስንቱ ቄብ፥ ስንቱ አውራ ይሆናል? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የኑሮ ጥያቄ ነው። ቄቢቱ አድጋ ዕንቍላል ትጥላለች፤ ከአውራዎቹ ግን ለዘር አንዱ ይበቃል፤ የቀሩት እስከ በዓል ድረስ እህል ይበላሉ። የአገር ዶሮ ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚያህል ዕንቍላል ብቻ ስለምትጥል፥ በቆሎው ላልሚገባው አፍ ቢወጣ ጕዳቱ ቶሎ ይታወቃል።

ጫጩቱ ግን እንደ ተፈለፈለ ወዲያው ወንድና ሴቱ በዓይን አይለይም። ብዙ ሰዎች ስድስትና ሰባት ሳምንት ይታገሣሉ፤ በዚያን ጊዜ በወንዱ ራስ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ከሴቲቱ ቀድሞ ያድጋል። ሹል ዕንቍላል ወንድ፥ ድቡልቡል ዕንቍላል ሴት ይሆናል የሚሉም አሉ። ይህን የሚያምን ሰው በሦስት ወይም በአራት ጊዜ እቅፍ እየቈጠረ ቢጽፍ፥ ዕንቍላሉ ራሱ ሐሰተኛ ያደርገዋል።

ነገር ግን አንድ ዓይነት አውራ ከአንድ ዓይነት ዶሮ ጋር ቢዳቀል፥ ወንድና ሴቱ በተፈለፈሉበት ቀን በቀለማቸው የሚታወቁበት መንገድ አለ። ይህን ነገር አለማወቅ ምን ያህል እንደሚጐዳ ከዚህ በታች ካለው ታሪክ ይታያል።

በታቦር ሰፈር አንዲት ባልቴት ነበረች፤ ገብስማ ዶሮም ነበረቻት። ሰው ገብስማ እያለ የሚጠራው ላባ ብዙ ዓይነት ነው፤ የባልቴቲቱ ዶሮ ግን በጥቍር ላባዋ ላይ ነጭ መስመር በተርታ የተሠመረባት ነበረች፤ በዚህም ትምህርት ገብስማ ሲባል እንዲህ ያለችው ናት። በግቢዋ አውራ ስላልነበረ የጎረቤትዋ ጥቍር አውራ እየተሻገረ ይመጣ ነበር። ባልቴቲቱ 12 ዕንቍላል ካጠራቀመች በኋላ ዘመድ ሞቶባት ለልቅሶ ወደ ይርጋለም ሄደች። ዕንቍላሉንም ዶሮዪቱንም ለጎረቤትዋ አደራ ሰጠች፤ ጎረቤትዋም ዶሮዪቱን አሳቀፈቻት።

ከ12ቱ ዕንቍላል 9 ጫጩት ተፈለፈለ። ላባ ባወጡ ጊዜ 4ቱ እንደ እናታቸው ገብስማ ሆኑ፤ 5ቱ ግን አንድ ነጭ መስመር እንኳ የሌለባቸው ጥቍሮች ሆኑ። ባልቴቲቱም፥ «ዕንቍላሌ ተለውጧል፤ እነዚህ አምስቱ የኔ ዶሮ ልጆች አይደሉም» አለች። ይህንንም ለጎረቤትዋ በፊትዋ አልነገረቻትም፤ በቧንቧው ዘንድ ውኃ ለሚቀዱት ሴቶች ነገረች፤ እነርሱም ለሌሎች ነገሩ። ሁለቱ ሴቶች አብረው ቡና መጠጣታቸውን ተዉ። የጎረቤቲቱ ትንሽ ልጅ ማታ ማታ ለባልቴቲቱ ውኃ ትቀዳላት ነበር፤ እርስዋም መምጣትዋን ተወች፤ ባልቴቲቱም እንስራዋን ራስዋ መሸከም ጀመረች።

ነገሩ ሁለት ወር ካለፈው በኋላ የሰፈሩ ሽማግሎች ሁለቱን ሴቶች አስቀመጡአቸው፤ ስለ ከብት የሚያውቅ አንድ የግብርና ሠራተኛም ጠሩ። ሠራተኛው ጫጩቶቹን አንድ በአንድ እያነሣ ካየ በኋላ ባልቴቲቱን፥ «እማማ፥ ገብስማዎቹ አራቱ ምንድር ናቸው?» ብሎ ጠየቃት።

«አውራዎች ናቸው፥ ልጄ።»

«ጥቍሮቹ አምስቱስ?»

«ሁሉም ቄብ ናቸው።»

«እንግዲህ ዕንቍላል የሚለውጥ ሰው ገና በቅርፊቱ ውስጥ ሳለ ሴት የሚሆነውን ከወንዱ መርጦ ማወቅ ይችላል? የሌላ ዶሮ ዕንቍላል ገብቶ ቢሆን ኖሮ ከጥቍሮቹ መካከል ወንድም ሴትም ሊገኝ ይገባ ነበር። ጥቍሮቹም የርስዎ ናቸው።» ቀጥሎም ምክንያቱን አስረዳቸው። ባልቴቲቱ ተነሥታ የጎረቤትዋን ጕልበት ልትስም ባለች ጊዜ ጎረቤትዋ ፈጥና ያዘቻት። ውኃ የምትቀዳው ልጅ ግን ለመመለስ ጥቂት ቀን ቈየች።

ሠራተኛው ያስረዳቸው ምክንያት እንዲህ ነው። የዶሮ ሥጋ በዓይን ሊታዩ በማይችሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው፤ እነርሱም ሕዋሳት ይባላሉ። በሕዋሱ ውስጥ ክር የሚመስሉ ነገሮች አሉ፤ ሊቃውንት ክሮሞዞም ይሏቸዋል። የዶሮ ክሮች ቍጥራቸው 78 ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሲደረጉ 39 ጥንድ ይሆናሉ። ከየጥንዱ አንዱ ክር ከአባት፥ ሁለተኛው ክር ከእናት የመጣ ነው። የላባው ቀለም፥ የእግሩ ርዝመት፥ በራስ ላይ የሚቆመው የቀይ ሥጋ መልክ፥ ይህ ሁሉ በነዚህ ክሮች ላይ ትእዛዝ ሆኖ እንደ ጽሕፈት ተጽፏል። ትእዛዙም ዘረ መል ይባላል።

ከ39ኙ ጥንድ አንዱ ወንድነትንና ሴትነትን የሚለይ ነው። አውራው በዚህ ጥንድ ሁለት ረጃጅም ክሮች አሉት። ዶሮዪቱ ግን አንድ ረጅምና አንድ አጭር ክር አላት። አውራው ለልጆቹ ምንጊዜም ረጅም ክር ይሰጣል፤ ሌላ የለውምና። ዶሮዪቱ ለአንዱ ዕንቍላል ረጅሙን፥ ለሌላው ዕንቍላል አጭሩን ትሰጣለች። ከእናቱ ረጅሙን የተቀበለ ጫጩት ወንድ ይሆናል፤ አጭሩን የተቀበለ ሴት ይሆናል። እንግዲህ በዶሮ ዘንድ ወንድና ሴትን የምትለይ እናቲቱ ናት ማለት ነው።

ላባን ገብስማ የሚያደርገው ትእዛዝ የተጻፈው በዚህ በረጅሙ ክር ላይ ነው፤ በአጭሩ ክር ላይ ግን የለም። ትእዛዙም ብርቱ ነው፤ በአንድ ክር ላይ ብቻ ቢገኝ እንኳ ላባው ይሠመራል። የባልቴቲቱ ዶሮ ገብስማነትዋን የያዘችው ባላት በአንዱ ረጅም ክር ላይ ነው፤ ያንንም ክር የሰጠችው ለወንዶች ልጆችዋ ብቻ ነው። ለሴቶች ልጆችዋ የደረሳቸው አጭሩ ክር ነው። እነርሱ ረጅሙን ክር ያገኙት ከአባታቸው ከጥቍሩ አውራ ነው፤ በዚያም ላይ ስለ መስመር ምንም አልተጻፈም። ስለዚህ ወንዶቹ እናታቸውን፥ ሴቶቹ አባታቸውን መሰሉ። የላባውን ውርስ ብቻ የተመለከተ ሰው፥ ከእናታቸው አልተወለዱም ብሎ የሚጠረጥራቸው ሴቶቹን ልጆች ብቻ ይሆናል፤ ባልቴቲቱንም ያሳታት ይኸው ነው።

በሰው ልጅ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። የሰው ክሮች 46 ናቸው፤ ሴቲቱ ሁለት ረጃጅም ክሮች ሲኖሩአት፥ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ያለው ወንዱ ነው። ስለዚህ ልጁ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው ከአባቱ በመጣው ክር ነው። ሴት ልጅ ብቻ ወለድሽ ብሎ ሚስቱን የሚያዋርድ፥ ወይም በዚህ ምክንያት ሌላ የሚያገባ ባል፥ ከራሱ የመጣውን ነገር በርስዋ ላይ ይጭናል። እርሱም ቢሆን መርጦ የሰጠ አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ ሰበብ ስንት ሴት ስታለቅስ ኖራለች!

ወደ ዶሮው ነገር እንመለስ ቢባል፥ መዳቀሉ በተገላቢጦሽ የሆነ እንደ ሆነ ውጤቱ ሌላ ነው። አውራው ገብስማ፥ ዶሮዪቱ ጥቍር ቢሆኑ፥ አውራው በሁለቱም ረጃጅም ክሮቹ ላይ ትእዛዙን የያዘ እንደ ሆነ ለወንዱም ለሴቱም ይሰጣል፤ ጫጩቶቹም ሁሉ ገብስማ ይሆናሉ። እንዲህ በሆነ ጊዜ ወንድና ሴትን በዚህ ምልክት መለየት አይቻልም። በተፈለፈሉበት ቀን ለመለየት የሚፈልግ ሰው ገብስማነትን በእናት በኩል፥ ጥቍርነትን በአባት በኩል ያድርግ። በዚያን ጊዜ ጫጩቶቹ ሁሉ ጥቍር ጠጕር ለብሰው ይወጣሉ፤ በወንዶቹ ራስ ላይ ግን ነጭ ነጥብ ይታያል፤ የሴቶቹ ራስ ጥቍር ነው።

የእንስሳ ቀለም ከወላጆች እንዴት እንደሚመጣ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲጠይቅ ኖሯል። በኦሪት ዘፍጥረት ያዕቆብ የአጎቱን የላባን መንጋ ሲጠብቅ ደመወዙ ዝንጕርጕር ሆነው የሚወለዱት ነበሩ። እርሱም በትር ልጦ በውኃ ማጠጫው ፊት አቆመ። ይህን አንብበው፥ እናቲቱ ያየችው ነገር በልጅዋ ላይ ይታተማል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ምዕራፍ ግን አያስተውሉም። በዚያ ያዕቆብ በሕልሙ የተመለከተው መንጋውን የሚያጠቁት ወንዶች ራሳቸው ዝንጕርጕሮች መሆናቸውን ነው። በሕልም የታየው በትሩ ሳይሆን አባቶቹ ነበሩ።

ከብዙ ዘመን በኋላ በብሩን ከተማ ይኖር የነበረ ጎርጎርዮስ ሜንደል የሚባል መነኩሴ በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እየዘራ፥ ረጅሙን ከአጭሩ እያዳቀለ፥ ልጆቹንም እየቈጠረ ጻፈ። ረጅሙና አጭሩ ሲዳቀሉ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሁሉ ረጃጅሞች ሆኑ፤ በልጅ ልጆቹ ግን ከአራት አንዱ ያህል አጭር ሆኖ ተመለሰ። አጭርነቱ ተሸሽጎ ኖረ እንጂ አልጠፋም ነበር። ሜንደል ጽሑፉን በፈረንጆች ቍጥር በ1866 ቢያሳትም ያስተዋለው ሰው ጥቂት ነበር፤ በ1884 ሞተ፤ የሥራው ታላቅነት የታወቀው በ1900 ነው። ከዚያ በኋላ እንግሊዛዊው ቤትሰን በ1902 ይኸው ሥርዓት በዶሮ ላይ እንደሚሠራ አሳየ፤ አሜሪካዊው ስፒልማንም በ1908 የገብስማነት ውርስ ከወንድነትና ከሴትነት ጋር የተያያዘ መሆኑን ተናገረ። ከ1914 እስከ 1918 በሆነው በታላቁ ጦርነት ጊዜ እህል ጠፍቶ ሳለ፥ የቤትሰን ባልደረባ የነበረው ፐኔት፥ ወንዶቹ ጫጩቶች እህል እንዳይፈጁ በላባቸው ቀለም ገና በጥዋቱ እንዲለዩ አስተማረ። የአተር ቈጠራ ለተራበ አገር እንዲህ ያለ ጥቅም ሰጠ።

በኢትዮጵያም ይህ ምልክት በግልጽ የሚታይበት አንድ የዶሮ ወገን አለ፤ እርሱም ኮኮክ የሚባለው ነው። ኮኮክ በደቡብ አፍሪካ፥ በፖቸፍስትሩም የእርሻ ኮሌጅ፥ በ1950ዎቹ ዓመታት ጥቍር ዶሮ ከነጭ ዶሮና ከሌላ ገብስማ ወገን ጋር እየተዳቀለ የተገኘ ነው። ስሙ በዚያ አገር ቋንቋ የአንድ ወፍ ስም ነው፤ የወፉ ደረት የተሠመረ ስለ ሆነ ዶሮውም በርሱ ተጠራ። ወደ ኢትዮጵያ ከመጣ በኋላ በቢሾፍቱ በሚገኘው በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ተራብቶ ወደ ልዩ ልዩ አውራጃዎች ተሠራጭቷል። በኮኮክ ዘንድ አውራውም ዶሮዪቱም ገብስማዎች ናቸው፤ ነገር ግን አውራው በሁለት ክር፥ ዶሮዪቱ በአንድ ክር ስለ ተሠመሩ፥ የአውራው ላባ ወደ ነጭነት ያደላል፥ የዶሮዪቱ ይጠቍራል። በጫጩትነታቸውም በወንዱ ራስ ላይ ያለው ነጭ ነጥብ ከሴቲቱ ይሰፋል። በታቦር ግቢ ውስጥ ጥቍር የአገር አውራና የኮኮክ ዶሮ ያለው ሰው፥ ከላይ የተነገረውን መዳቀል ለማድረግ ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

ቦቫንስ ብራውን የሚባሉት ቀያይ የዕንቍላል ዶሮዎችም የሚለዩት በዚሁ ሥርዓት ነው፤ በነርሱ ዘንድ ግን በረጅሙ ክር ላይ ያለው ሌላ ትእዛዝ፥ ቀዩን ላባ ወደ ነጭ የሚለውጠው ነው። እናቲቱ ይህን ትእዛዝ ለወንዶች ልጆችዋ ብቻ ስለምትሰጥ ወንዶቹ ነጫጭ፥ ሴቶቹ ቀያይ ሆነው ይወጣሉ። ቀይዋን ዶሮ የገዛ ሰው ወንድሞችዋን በገበያ የማያያቸው አስቀድመው ስለ ተለዩ ነው። ቀይዋ ዶሮ በደኅና መኖ በዓመት 300 ያህል ዕንቍላል ስለምትጥል፥ ከርስዋ ዕንቍላል አሳቅፎ እርስዋን የመሰሉ ብዙ ዶሮዎች ለማግኘት ተስፋ የሚያደርግ ብዙ ነው። ነገር ግን እርስዋ የልዩ ልዩ ወገኖች መዳቀል ውጤት ስለ ሆነች፥ ልጆችዋ በቀለምም በዕንቍላልም የተለያዩ ይሆናሉ።

የዶሮ መልክ ሁሉ በረጅሙ ክር ላይ የተጻፈ እንዳይመስል ደግሞ መላጣዪቱን ማየት ይበቃል። አንገትዋ ላባ የሌለው መላጣ ዶሮ ሙቀት በሚበዛበት አገር ከሌሎች ይልቅ ትቋቋማለች። ይህ ትእዛዝ በሌላ ጥንድ ክር ላይ ስላለ ከአባትም ከእናትም ለወንዱም ለሴቱም እኩል ይደርሳል። ከሁለቱም ወላጆቹ የተቀበለው ጫጩት አንገቱ ፈጽሞ ራቍት ይሆናል፤ ከአንዱ ብቻ የተቀበለው ግን በአንገቱ ፊት ጥቂት የላባ ጭብጥ ይቀርለታል።

ነጭ ላባም አታላይ ነው። አንዳንድ ነጭ ዶሮ ከነጭነትዋ በታች የገብስማነትን ትእዛዝ ሸሽጋ ትይዛለች፤ ነጩ ስለ ሸፈነው መስመሩ አይታይም፤ በልጆችዋ ግን ይገለጣል። የአገር ጥቍር አውራም ብዙ ጊዜ የቀይ ወገን ውርስ በውስጡ ስላለ ከጫጩቶቹ አንዳንዶቹ ቀላ ብለው ይወጣሉ፤ በነዚያ ራስ ላይ ነጩን ነጥብ ማየት ያስቸግራል። ስለዚህ አያቶቹም ጥቍሮች የነበሩ አውራ ቢመረጥ ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚሳሳትበት ግን የሁለተኛው ትውልድ ነው። ከመጀመሪያው መዳቀል የተገኘውን ገብስማ አውራ ከጥቍሮቹ እኅቶቹ ጋር የሚያኖር ሰው፥ ምልክቱ እንደ ፊተኛው ይሠራል ብሎ ይጠብቃል። ነገር ግን ያ አውራ ከሁለቱ ረጃጅም ክሮቹ አንዱን ከገብስማ እናቱ፥ ሁለተኛውን ከጥቍር አባቱ የተቀበለ ነው። ለልጆቹም አንዳንድ ጊዜ ያንን፥ አንዳንድ ጊዜ ይህን ይሰጣል። ስለዚህ ከወንዶቹ እኩሌታው ያህል ገብስማ፥ እኩሌታው ጥቍር ይሆናሉ፤ ከሴቶቹም እንዲሁ። በራስ ላይ ያለው ነጥብ ወንድነትን መናገሩ ይቀራል። በዚህም ላይ ወንድም ከእኅቱ፥ አባትም ከልጁ ጋር በተዳቀሉ ቍጥር የተሸሸገ ደዌ ይገለጣል፥ ዕንቍላሉም ሳይፈለፈል የሚቀረው ይበዛል።

ስለዚህ ምልክቱን በየዓመቱ የሚፈልግ ሰው ገብስማዪቱን እናት ሳይሸጥ ያቆያታል፤ ጥቍሩንም አውራ ሁለት ዓመት ካገለገለ በኋላ ዝምድና በሌለው በሌላ ጥቍር አውራ ይለውጠዋል፤ ገብስማዎቹን ወንዶች ለበዓል ገበያ ያወጣል፥ ጥቍሮቹን ቄቦች ለዕንቍላል ያስቀራል። የፈንግልንም ክትባት በጊዜው ያስከትባል፤ ፈንግል በገባበት ግቢ ገብስማውም ጥቍሩም አብሮ ያልቃልና። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉበት ቀን፥ ጠጕራቸው ከደረቀ በኋላ፥ በብርሃን አጠገብ ራሳቸውን አንድ በአንድ ይመለከታል። ነጭ ነጥብ ባለበት በቀኝ እግሩ ላይ ላላ አድርጎ ቀይ ክር ያስርለታል፤ እግሩ ሲወፍር እንዳይቈርጠው በየሳምንቱ ያላላዋል። ላባው መብቀል ሲጀምር ነጥቡ እየጠፋ ስለሚሄድ፥ ይህን ለነገ ማሳደር አይገባም።